የተጎዳው ሁከር፣ የተጠራው መቺ፦ ምርጫ ነው ቁማር?

መነሻ ጽሑፌ

ሰላም ጓዶች። ራግቢ የማትከታተሉ እለፉት፣ አልቀየምም። የምትከታተሉ ግን አንድ ነገር አስረዱኝ። ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቄበት አልቋጭ ብሎኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2023ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ እያንዳንዱ ቡድን 33 ተጫዋች ነው የያዘው። ደቡብ አፍሪካ ከ33ቱ ውስጥ ዋና ሥራቸው ሁከር የሆነ ሁለት ሰው ብቻ ወሰደች፤ ማልኮም ማርክስንና ቦንጊ ምቦናምቢን። ለማታውቁ፣ ሁከር ስክረም ላይ፣ ሁለቱ ቡድኖች ተያይዘው ጎንበስ ብለው ሲገፋፉ፣ ከፊት መስመር በሁለቱ ፕሮፖች መሃል የሚገባው ነው። ኳስ ከመስመር ስትወጣ ደግሞ ላይን አውት ላይ ወርዋሪው እሱ ነው። ስኮትላንድን 18 ለ 3 ካሸነፉ በኋላ ማርክስ ልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎዳና ውድድሩ አበቃለት። ሁከር ሲጎዳ ሁከር ይጠራል፣ አይደል? አሰልጣኞቹ ራሲ ኢራስመስና ዣክ ኒናበር ግን ሃንድሬ ፖላርድን ጠሩ። 10 ቁጥር! ፍላይ ሃፍ! ኳስ መቺ!

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ፍጻሜው ላይ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፉ። 12ቱንም ነጥብ በአራት ቅጣት ምት ያስቆጠረው ይሄው ፖላርድ ነው። በቃ፣ ዓለም ሁሉ አሰልጣኞቹን ሊቅ አላቸው።

የኔ አቋም ሌላ ነው። ቁማር ነበር፣ ስለበሉ ብልሃት ተባለ። ብቸኛው የቀረው ሁከር ምቦናምቢ ፍጻሜው ገና ሳይሞቅ፣ በሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ተጎድቶ ወጥቷል እኮ! የቀረውን ከሰባ ደቂቃ በላይ በሁከርነት የጨረሰው ዲዮን ፎሪ ነው። ዕድሜው 37፣ ስኳዱ ላይ የገባው ደግሞ በሎዝ ፎርዋርድነት፣ ስክረም ላይ ከኋላ በሚገባ ሰው ቦታ። አንዲት ነጥብ ወዲያ ብትሄድ ኖሮ ዛሬ እነዚህን ሰዎች ምን እንላቸው ነበር?

*

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ዘነበ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ በየቁጥሩ ላጫውታችሁ። ስድቡን ዘልዬዋለሁ።

ቁጥር 1። የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ርዕሱን ስላነሳሁት አመስግኖ፣ ከኔ ጋር እንደሚስማማ ጻፈ። በሱ አስተያየት አሰልጣኝ ሁሉ ቁማርተኛ ነው። ልዩነቱ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ በሰው ገንዘብ መጫወቱ ነው።

ቁጥር 2። ይሄኛው ራግቢን ከአሜሪካን ፉትቦል ጋር ቀላቅሎ ሄልሜቱ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ግን ሁለተኛው ጥያቄው ደህና ነበር። ሜዳ ላይ 15 ሰው ለሚገባበት ጨዋታ 33 ሰው ምን ይሠራል?

ቁጥር 3። ኬፕ ታውን ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ጨዋታውን ከውስጥ እንደሚያውቀው ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ለቁጥር 2 በትዕግሥት አስረዳው። በጨዋታው ቀን 15 ይገባል፣ 8 ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጠቅላላው 23 ነው። ከስምንቱ ውስጥ የፊት መስመሩን ሦስት ቦታዎች፣ ሁለቱን ፕሮፕና ሁከሩን፣ የሚተኩ በቦታው የሰለጠኑ ሰዎች የግድ መኖር አለባቸው። ነገሩ የአንገት ጉዳይ ነው። ስክረም ሲገጥም ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፣ ያልሰለጠነ ሰው እዚያ ውስጥ ከገባ አንገቱ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የሰለጠነ ሰው ካለቀ ዳኛው ስክረሙ ያለመገፋፋት እንዲካሄድ ያደርጋል። ስፕሪንግቦክስ (የደቡብ አፍሪካ ቡድን) ያለ ስክረም ደግሞ በርበሬ የሌለው ዶሮ ወጥ ነው።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። ፎሪን ከመንገድ እንደተጠራ ሰው አድርጌ ማቅረቤ አልጣመውም። ሰውዬው በወጣትነቱ ለዓመታት ሁከር ሆኖ ነው የተጫወተው፣ ወደ ሎዝ ፎርዋርድ የዞረው በኋላ ነው። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈውም ገና በ2022፣ በ35 ዓመቱ። ማርክስ ከተጎዳ በኋላ ቶንጋን 49 ለ 18 ሲያሸንፉ በሁከርነት የጀመረው ራሱ ፎሪ ነው፣ ተጠባባቂ ሁከሩ ደግሞ ማርኮ ቫን ስታደን የሚባል ፍላንከር፣ እሱም ሎዝ ፎርዋርድ። ማለትም አሰልጣኞቹ ዕቅዱን ቀድመው አውጥተውት፣ ቀለል ባለው ጨዋታ ሞክረውታል። ቁማር የሚለውን ቃል እንድተው መከረኝ። እኔ አልተውኩትም፣ ግን መልሱ ጥሩ ነበር።

ቁጥር 4። እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። ለንደን ያለ ልጅ ነው፣ ገና ከመግቢያው ጨዋታ የማታውቅ ከሆነ ዝም በል ዓይነት ነገር ነው። የሱ ክርክር፣ ፖላርድ የተጠራው አየርላንድ 13 ለ 8 ስላሸነፈቻቸው ነው የሚል ነው። ያን ምሽት መቺዎቹ ማኒ ሊቦክና ፋፍ ደ ክለርክ በእግራቸው የጣሉት ነጥብ ጨዋታውን ያሸንፍ ነበር። እና መቺ የሌለው ቡድን መቺ ቢጠራ ምኑ ነው የሚገርመው ይላል።

ቁጥር 5። ቆንጆ እርማት። የዚህች ልጅ ስም ስር ፎቶ የለም፣ አገሯንም አልገለጸችም፣ ግን ቀኑን በቀን ታውቀዋለች። ፖላርድ የተጠራው ከአየርላንዱ ጨዋታ በፊት ነው፣ አየርላንድን የገጠሙት መስከረም 23 ነው፣ እሱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ስሙ ወጥቷል። ስለዚህ ለንደኑ ልጅ ፈረሱን ከጋሪው ኋላ አስሮታል አለችው፣ በትህትና። የሊቦክ ኳስ አመታት የሚያሳስበው ግን ከውድድሩ በፊትም ነበር። ፖላርድ መጀመሪያ ስኳዱ ውስጥ ያልገባው ባቱ ተጎድቶ ስለነበር ነው፣ ሉካንዮ አምም እንደዚሁ በጉዳት ቀረ። በአንጻሩ አምበሉ ሲያ ኮሊሲ ሚያዝያ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ለነሐሴ ደረሰና ተወሰደ። በሷ ግምት የማርክስ ጉዳት ክፍት በር ሆነላቸው፤ ሲፈልጉት የነበረውን ሰው በዚያ በር አስገቡት።

ቁጥር 6። ይሄ እኔ ነኝ። የቁጥር 5ን መልስ አመሰገንኩና እንደውም የኔን ሐሳብ ያጠናክርልኛል አልኩ። ለሁከር የተከፈተን ቦታ ለሌላ ሥራ ካዋልከው በቀረው ሁከር ጤንነት ላይ ተወራረድክ ማለት ነው። አንድ ነገርም ጨመርኩ። ያ ስኳድ አራት ስክረም ሃፍ፣ ኳሷን ከስክረም አንስቶ የሚያቀብል 9 ቁጥር፣ ይዟል። ደ ክለርክ፣ ራይናክ፣ ሄንድሪክሰ፣ ዊሊያምስ። አራት ዘጠኝ ቁጥር ይዞ ሁለት ሁከር! አንደኛው፣ ግራንት ዊሊያምስ፣ ሩማንያን ሲገጥሙ ክንፍ ሆኖ ነው የተሰለፈው።

ቁጥር 7። ለንደኑ ልጅ ተመለሰ። ስለቀኑ ምንም አላለም። በምትኩ የኔን ቁጥር 6 ይዞ፣ አራቱ ስክረም ሃፎች እኮ ክንፍም ፍላይ ሃፍም መሆን ስለሚችሉ ነው የተወሰዱት፣ ስኳድ ሲመረጥ ሰው ሳይሆን ቦታ ነው የሚቆጠረው አለ። ይሄን አባባል ወደድኩት። ጉራውን ግን አልወደድኩትም።

ቁጥር 8። ሜልቦርን የምትኖር እህታችን ናት፣ የአውስትራሊያን ቁስል ይዛ መጣች። አሰልጣኛቸው ኤዲ ጆንስ ለዚያው ዓለም ዋንጫ ማይክል ሁፐርንና ኩዌድ ኩፐርን ጥሎ ሄደ። ብዙ የተጫወቱትን ትቶ በወጣቶች ተወራረደ። 10 ቁጥሩን ለካርተር ጎርደን ሰጠ፣ ልጁ ለብሔራዊ ቡድን ገና አዲስ ነበር። አምበል ያደረገው ግዙፉ ዊል ስኬልተን ልምምድ ላይ ተጎዳበት። ፊጂ 22 ለ 15 አሸነፈቻቸው፣ ዌልስ 40 ለ 6 ደቆሰቻቸው፣ አውስትራሊያ በዓለም ዋንጫ ታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። እህታችን የጠየቀችው ይሄን ነው፤ ኤዲም እንደ ራሲ ድፍረት ነበረው፣ ታዲያ እሱን ማን ሊቅ አለው? ኮሊሲ ዋንጫ ሲያነሳ እሷ ሥራ ቦታዋ ላይ ሰው ፊት ማየት አፍራ እንደነበርም ጨመረች።

ቁጥር 9። ጽሑፉ ረዘመ፣ ማን ያነበዋል። ይሄው ነው መልሱ። ይመችህ ወንድሜ።

ቁጥር 10። ከክሩ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ጋሼ ናቸው፣ ራሳቸው ጡረታ እንደወጡ ጽፈዋል። የ2011ዱን የኒውዚላንድ ታሪክ አመጡ። ዳን ካርተር፣ ያ ሁሉ አገር የተማመነበት 10 ቁጥር፣ ልምምድ ላይ ብሽሽቱን ተጎዳ። ተተኪው ኮሊን ስሌድ ሩብ ፍጻሜ ላይ ተጎዳ። ሦስተኛው አሮን ክሩደን ነበር። አራተኛ ደግሞ ስቲቨን ዶናልድን ፈለጉ። ዶናልድ ማለት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሆንግ ኮንግ ላይ በአውስትራሊያ ሲሸነፉ አገሬው በሙሉ ጣቱን የቀሰረበት ሰው ነው። ስኳዱ ውስጥ ስለሌለ ወንዝ ዳር ትናንሽ ዓሣ እያጠመደ ነበር። አሰልጣኙ ሲደውልለት ስልኩን አላነሳም!

እና ፍጻሜው ላይ፣ ኤደን ፓርክ፣ ክሩደን ጉልበቱ ከዳውና ወጣ፣ ዶናልድ ገባ። ማልያው ጠቦታል። ኳስ ሊመታ ሲዘጋጅ ማልያው ወደ ላይ እየተሰበሰበ ሆዱ ይታይ ነበር፣ ጋሼ ይሄን በቴሌቪዥን እንዳዩት ሲገልጹት ሳቄ መጣ። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ቅጣት ምት አገባ። ውጤቱ 8 ለ 7፣ ፈረንሳይ ተሸነፈች፣ ያቺ ሦስት ነጥብ ዋንጫ ሆነች። ጋሼ ከዚህ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልነገሩንም። ደህና እደሩ ብለው ሄዱ።

ቁጥር 11። እዚህ ላይ ክሩ ወደ አገር ቤት ገባ፣ መግባቱም አይቀርም ነበር። አንዱ የጋሼን ታሪክ ሲያነብ ታምራት ቶላ ትዝ አለው። እውነቱን ነው። ለፓሪስ 2024 ማራቶን ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ገባ። በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። በወንዶች ማራቶን ከገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ወዲህ ወርቅ አይተን አናውቅም ነበር። የበይ ተመልካች ሆኖ ሊቀር የነበረ ሰው!

ቁጥር 12 እና 13። ከዚያማ ተውት። አንዱ የአትሌቲክስ ምርጫችን ሁሌ ጭቅጭቅ ነው ብሎ ከቶኪዮ በፊት በፌዴሬሽኑና በኦሊምፒክ ኮሚቴው መካከል የነበረውን ውዝግብ አነሳ። ሌላው ደግሞ ምርጫው በሰዓት ብቻ ይሁን አለ፤ ፈጣን የሮጠ ይሂድ፣ አለቀ ደቀቀ። አንዲት ስለ ሩጫ የምታውቅ ልጅ መሃል ገብታ ለጥ ባለ የከተማ መንገድ ላይ የተሮጠ ፈጣን ሰዓት ለፓሪስ ዳገት ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀች። ደህና ጥያቄ ነው፣ ግን ራግቢው የት ሄደ?

ቁጥር 14። ራግቢው ሳይመለስ ዋልያዎቹ መጡ። ለ2014 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ያሸነፍንበትን ጨዋታ የማያስታውስ አለ? በቢጫ ካርድ የተቀጣ ተጫዋች አሰልፈን ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ወሰደብን። ምድቡን በመሪነት ጨርሰን ናይጄሪያ ላይ ብንደርስም ያቺ ሳምንት እንዴት እንዳለፈች እኛ ነን የምናውቀው። ጸሐፊው የአሰላለፍ ዝርዝር የሚሞላ ሰው መጀመሪያ ማንበብ ይቻል አለ። ሃያ ሰው ሳቀለት።

ቁጥር 15። እኔ ገብቼ ወደ ርዕሱ እንመለስ አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ቁጥር 16። ከዚያ ጆሃንስበርግ ጄፒ ሱቅ ያለው ሰው መጣና ድምፁ ሁሉ ተቀየረ። በስፕሪንግቦክስ መደሰታችን አስቆጥቶታል። በመስከረም 2019፣ ቡድኑ ጃፓን ውስጥ ለዓለም ዋንጫ ሲዘጋጅ፣ እሱ የውጭ ዜጋ ሱቅ ሲዘረፍ ሮለር ዘግቶ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ውጭ የሚጮኹት ከጥቂት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ማልያ ለብሰው መንገድ ላይ ሲጨፍሩ አይቷል። ኑሮ አስገድዶት ነው እንጂ ያን ማልያ ማየት እንደማይፈልግ ጻፈ። ስለ ሁከርና ስለ መቺ የምታወሩት ሆዳችሁ ስለጠገበ ነው አለን። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ቁጥር 17። ምሥራቅ ኬፕ ውስጥ በአንድ ታውንሺፕ ሱቅ የነበረው ሌላ ወገናችን መለሰለት፣ ያውም በፍቅር። የደረሰበትን አልካደም፣ እሱም የተዘረፈበት ጊዜ አለ። ግን የኮሊሲ ሰፈር ዝዊዴ እሱ ከነበረበት ብዙም አይርቅም። ፍጻሜው ዕለት ጎረቤቶቹ ሱቁ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን ወደ በሩ አውጣልን ብለውት፣ በለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀምጦላቸው፣ ማንነቱን ረስተው አብረው ሲጮኹ ነው ያመሸው። ሂሳብም ያልከፈለ አልነበረም ብሎ ቀለደ። የጄፒው ሰው ልብ ምልክት ብቻ ሰጠው።

ቁጥር 18። የኮሊሲ ስም ሲነሳ የኮታ ነገር እንደሚመጣ አውቄ ነበር። መጣ። ይሄ ሰው፣ ስም አልጠራም፣ ስፕሪንግቦክስ በችሎታ ሳይሆን በቆዳ ቀለም ነው የሚመረጠው፣ ግማሹ ጥቁር ይሁን የሚል ዕቅድ አላቸው፣ ስለዚህ ስለ ምርጫ ማውራት ከንቱ ነው አለ። ያለምንም ማብራሪያ።

ቁጥር 19። ኬፕ ታውኑ ሰው፣ ቁጥር 3፣ ይሄን ጊዜ ትዕግሥቱ አልቋል። ዕቅዱ መኖሩን አልካደም። የአገሪቱ ራግቢ ማኅበር በ2019 ቡድኑ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ግብ አስቀምጦ ነበር። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ምን እንበለው ብሎ ጠየቀ። በ1995 ዋንጫ ሲያነሱ ነጭ ያልሆነው ተጫዋች ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። በ2007 ፓሪስ ላይ እንግሊዝን 15 ለ 6 ሲያሸንፉ ከ15ቱ ውስጥ ሁለት፣ ሃባናና ፒተርሰን። አብዛኛው ሕዝቧ ጥቁር በሆነ አገር ያኔ ማን በችሎታ ተመረጠ፣ ማንስ በኮታ? በ2019 ዮኮሃማ ላይ ደግሞ ስድስት ሆነው ገቡና እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸነፉ። ሁለቱን ትራይ (ኳሷን ከተቃራኒ መስመር ጀርባ መሬት በማስነካት የሚገኘውን ነጥብ) ያስቆጠሩት ማፒምፒና ኮልቢ ናቸው፣ ሁለቱም ከስድስቱ።

ከዚያ የጻፈው ነው እኔን የያዘኝ። ምርጫ የሚጀምረው አሰልጣኙ ስም ዝርዝር ሲያነብ አይደለም ባይ ነው። የሚጀምረው በ13 ዓመት ልጅ ላይ ነው። ክሬቨን ዊክ የሚባለው የታዳጊዎች ውድድር ከ1964 ጀምሮ አለ፣ ክለቦች ልጅ የሚያዩት እዚያ ነው፣ እዚያ የሚደርሱት ደግሞ አብዛኞቹ ጥሩ ሜዳ፣ ጥሩ አሰልጣኝና ጥሩ ምሳ ካለበት ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ኮሊሲ ከዝዊዴ ወጥቶ ግሬይ ሃይ የሚባለው ትምህርት ቤት ስኮላርሺፕ ባያገኝ ማን ያየው ነበር? ማፒምፒ ከኢስት ለንደን ወጣ ያለ ገጠር ነው የመጣው፣ በእነዚያ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች በር አላለፈም፣ ለዚህም ነው ለስፕሪንግቦክስ የደረሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ። እንደ እሱ ሆነው ሳይታዩ የቀሩትን አስቡ አለ። ቁጥር 18 ሦስት ቃል መልሶ ስድብ ስለሆነ ተሰረዘ።

ቁጥር 20። አንዱ ጸጥ ለማሰኘት ይመስላል ወደ ዜግነት ጉዳይ አዞረው። ዣን ክሌይን የሚባለው ሎክ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በ2019 ዓለም ዋንጫ ለአየርላንድ ተጫውቷል። በ2023 ደግሞ ለደቡብ አፍሪካ ተጫውቶ ሜዳሊያ አጠለቀ። ሕጉ ከ2022 ጀምሮ ተቀይሯል። ለአንዱ አገር የተጫወተ ሰው ሦስት ዓመት ካረፈ፣ ወደ ተወለደበት ወይም ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ወደተወለዱበት አገር አንድ ጊዜ መዞር ይችላል። በጣም የጠቀመው እንደ ቶንጋ ላሉት ነው፣ እነ ቻርልስ ፒዩታውና ማላካይ ፌኪቶዋ ከኦል ብላክስ (ከኒውዚላንድ ቡድን) በኋላ ለቶንጋ ተጫውተዋል።

ቁጥር 21። ይሄን ያነበበች አንዲት ልጅ ሲፋን ሐሰንን አነሳች፣ አዳማ ተወልዳ ለሆላንድ የምትሮጠውን። የራግቢው ሕግ ሩጫ ላይ ቢሠራ ስንቱን እንመልስ ነበር ብላ ሳቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄ ብቻውን መቶ መልስ ያመጣ ነበር።

ቁጥር 22። ኦክላንድ ያለ ሰው ስለ ውጭ ክለብ ጻፈ። ኒውዚላንድ ውጭ አገር የሚጫወትን ልጅ አትጠራም። ሪቺ ሞኡንጋ ከ2023 በኋላ ጃፓን ሲሄድ ማልያውን ትቶ ነው የሄደው። ደቡብ አፍሪካ ግን በፊት ውጭ ለሚጫወቱት 30 ጨዋታ የሚል መስፈርት ነበራት፣ ራሲ ሲመጣ ተነሳ። ፍጻሜው ላይ ፖላርድ ከእንግሊዙ ሌስተር፣ ደ ክለርክ ከጃፓን ነው የመጡት። ሰውዬው የኒውዚላንድን ሕግ ደግፎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ሲያማርር አገኘሁት።

ቁጥር 23። በኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ። ቁጥር 5 ናት፣ ዝም ብላ ቆይታ ተመለሰች። ፖላርድን መጥራት ቁማር አልነበረም፣ ቁማሩ ሌላ ቦታ ነው አለች። ፍጻሜው ላይ ተጠባባቂ ወንበሩን እዩት። ሰባት ፎርዋርድ (ስክረም የሚገፉት)፣ አንድ ባክ (ከኋላ ሆነው ከሚሮጡት)። ያ አንድ ባክ ቪሊ ለ ሩ ነው። አራት ስክረም ሃፍ ይዞ የመጣ ቡድን ፍጻሜው ላይ ያሰለፈው አንድ ብቻ ነው፣ ደ ክለርክን። ተቀያሪ ስክረም ሃፍ የለም፣ ሁለተኛ መቺ ሊቦክም ከ23ቱ ውጭ ነው። ደ ክለርክ በአምስተኛው ደቂቃ ቢጎዳስ? ኮልቢ ወደ ዘጠኝ ቁጥር ሊገባ ነበር። ኮልቢ ራሱ ደግሞ ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ቢጫ ካርድ አይቶ ወንበር ላይ ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ነው ያለቀው። ይሄ የሰባት ለአንድ ነገር ነሐሴ ላይ ትዊክንሃም ኒውዚላንድን 35 ለ 7 ሲያሸንፉ ነው የተጀመረው፣ ያውም ለ ሩ በመጨረሻ ሰዓት ስለተጎዳና በቦታው ፎርዋርድ ስለገባ። በአጋጣሚ የተገኘውን ፍጻሜ ላይ አውቀው ደገሙት።

እኔ የጠየቅኩት ስለ ሁከር ነበር፣ ልጅቷ ግን ትክክለኛውን ቦታ ነካችው። ቁማር ነበር የሚለው አቋሜ አሁንም ያው ነው፣ ማስረጃዬ ግን ከዚህ በኋላ የሷ ነው።

ቁጥር 24። ኬፕ ታውኑ ሰው ለሷ ብቻ እጅ ሰጠ። ፍጻሜው ላይ ላይን አውታቸው እንደተንገዳገደ፣ ፎሪ ስክረሙን ቢችለውም ውርወራው እንደ ምቦናምቢ እንዳልነበረ አመነ። ግን ኒውዚላንድም ሳም ኬን ቀይ ካርድ አይቶባት በ14 ሰው ነው የተጫወተችው፣ ይሄን አትርሱ አለ። ማን እንዲረሳ እንደፈለገ አልገባኝም።

ቁጥር 25። ለንደኑ ልጅ ለ2027 የአውስትራሊያ ዓለም ዋንጫ የራሱን ስኳድ ይዞ መጣ። 10 ቁጥር ሳሻ ፋይንበርግ ምንጎሜዙሉ፣ ከኋላው ሊቦክ፣ ፖላርድ ያኔ 33 ስለሚሆነው ለክፉ ቀን ይያዝ። አንድሬ ኤስተርሃይዘን በ2025 ሴንተርም ፍላንከርም ሆኖ ስለተጫወተ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ይሸፍናል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስቦበታል።

ቁጥር 26። ቁጥር 9፣ ያ ጽሑፉ ረዘመ ያለው፣ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ቆጥሮ 34 ሰው ነው አለው።

ቁጥር 27። ለንደኑ ልጅ ሊቦክን አወጣ። አሁን በዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ፣ ኬፕ ታውኑ ሰው ሦስት ረጃጅም መልስ ጽፏል። ገብታችሁ አግዙት።